ኦታኮን ልትሄጂ ነው? ከጓደኛሽ ጋር ሳትጣሉ የምትመለሱበት መንገድ

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን አይቼ ዝም ማለት አልቻልኩም። «ጓደኛዬ ኦታኮን ካልሄድን ብላ ይዛኛለች። እኔ አኒሜ እምብዛም አላውቅም። ሦስት ቀን ሙሉ ምን እሠራለሁ? ደግሞ ተጣልተን እንዳንመለስ ፈራሁ» ነው ያልሽው። ያንቺ ቦታ ላይ ነበርኩ። የአኒሜ ሰው ጓደኛዬ ናት። እኔ ቦርሳ ተሸካሚ ነኝ።

ለማታውቁት፣ ኦታኮን በየዓመቱ በሰመር ዋሽንግተን ዲሲ ኮንቬንሽን ሴንተር ውስጥ የሚደረግ የአኒሜ፣ ማለትም የጃፓን ካርቱን፣ ወዳጆች ጉባኤ ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 ፔንሲልቬንያ ውስጥ ተጀመረ። ብዙ ዓመት ባልቲሞር ከቆየ በኋላ በ2017 ወደ ዲሲ መጣ። አሁን ከ40 ሺህ በላይ ሰው ይገባበታል። ግማሹ ዊግ አድርጎ ነው የሚመጣው።

መጣላት ያልሽው ያለ ነገር ነው። እኛም ተጣልተናል። መጀመሪያ የሄድን ጊዜ ዓርብን ከጠዋት እስከ ማታ ተጣብቀን ዋልን። እሷ ለአንድ የድምፅ ተዋናይ ፊርማ ተሰለፈች፣ እኔም አብሬ ተሰለፍኩ። አንድ ሰዓት ተኩል ቆመን ልንደርስ ስንል «ይሄ ሰውዬ ግን ምን ሠርቶ ነው?» አልኳት። ፊቷን ብታዪው! እኔ ደግሞ ሥዕሎቹ ጋ ልሂድ ስል «ፓናል (መድረክ ላይ የሚደረግ ውይይት) ያመልጠኛል» እያለች ጎተተችኝ። ማታ ባቡር ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ እስክንደርስ ቃል አልተነፈስንም።

ቅዳሜ ጠዋት እሷው ናት «ዛሬ ለየብቻ እንሁን» ያለችው። መጀመሪያ ቅር አለኝ። ከዚያ ግን ነፍሴ መለስ አለች። ምሳ ላይ አንዴ፣ ማታ ልንወጣ ስንል አንዴ እንገናኛለን። በቃ። የመገናኛ ቦታችሁን «መግቢያው ጋ» እንዳትሉ፣ ያ ሁሉ ሰው የሚቀጣጠረው እዚያው ነው። እኛ አንድ ደረጃ ሥር ያለች ዓምድ መረጥን። ሰው ሲበዛ ስልክም እምቢ ይላል፣ ስለዚህ ሰዓቱንም ቦታውንም ጠዋት ቁርጥ አድርጉ።

አኒሜ የማታውቂው አንቺ ብቻሽን የምትሄጂበትን ልንገርሽ። አርቲስት አሊ ግቢ። ወጣት ሠዓሊዎች ጠረጴዛ ጠረጴዛቸውን ይዘው የራሳቸውን ሥራ ይሸጣሉ። ፖስተር፣ ስቲከር፣ ደረት ላይ የሚሰካ ፒን። ታሪኩን ባታውቂም ሥዕል ሥዕል ነው። ቆም ብለሽ «በምን ቀለም ሠራሽው?» ካልሻት ሃያ ደቂቃ ታወራሻለች። ፓናሎችም አሉ። እኔ ስለ ኪሞኖ አለባበስ የሚያስረዳ አንድ ገብቼ ነበር። መቀነቱን ሲያዞሩት የእናቴ አስተጣጠቅ ነው የታየኝ።

አሁን ስለ ልብሱ። ጓደኛሽ ኮስፕሌይ የምታደርግ፣ ማለትም እንደ አንድ ገጸ ባሕርይ ለብሳ የምትመጣ ከሆነ የቀኑ ፍጥነት የእሷ ነው። በየአሥር እርምጃው «ፎቶ ላንሳሽ?» ይሏታል። አንቺ ስልኳን፣ ውኃዋን፣ ነጠላ ጫማዋን ይዘሽ ዳር ትቆሚያለሽ። እሱን አስቀድመሽ እወቂው። ሌላው፣ ትከሻዋ ላይ የምታደርገውን የፎም ጋሻ በትኩስ ሙጫ ብቻ አታጣብቀው። የእኛው ባቡር ስንጠብቅ ፕላትፎርሙ ላይ በዲሲ ሙቀት ልስልስ ብሎ ተላቀቀ። ከዚያን ቀን ወዲህ ከቦርሳዬ መርፌ፣ ክር፣ መርፌ ቁልፍና ፕላስተር አይጠፉም። የማላውቃቸው ሰዎች ሳይቀሩ ይለምኑኛል።

በ2025 ደግሞ ጉባኤው ከኦገስት 8 እስከ 10 ነበር። ፍልሰታ በገባ በማግስቱ ማለት ነው። ጓደኛዬ ጿሚ ናት፣ ያውም እስከ ዘጠኝ ሰዓት። የዚያን ዓመት ልብሷ ደግሞ ቀንድ ነበረው። እኛ ቤት ለብሳ ስትወጣ እናቴ «በስመ አብ! በፍልሰታ?» ብላ አማተበች። ትንሽ ቆይታ የካባውን ጠርዝ ገለጥ አድርጋ አየችና «ይሄንን ማነው የሰፋው? አምጪው እስቲ» አለች። መነጽሯን አድርጋ ዙሪያውን እንደገና ዘመዘመችው። ቀንዱን ግን እስከ መጨረሻው አልነካችውም።

ዓርብ ወደ ስምንት ሰዓት ላይ ልጅቷ ከዊጉ ሥር ፊቷ ነጣ። ግድግዳ አስደግፌ ወለሉ ላይ አስቀመጥኳት። ኮንቬንሽን የለመዱ ሰዎች 5-2-1 የሚሏት ደንብ አለቻቸው። በቀን ቢያንስ አምስት ሰዓት እንቅልፍ፣ ሁለት ጊዜ ምግብ፣ አንድ ጊዜ ገላ መታጠብ። እሷ የተኛችው ሦስት ሰዓት ነው፣ ምግቡን ታውቂዋለሽ። ስለ ጾሙ እኔ የምልሽ የለኝም፣ እሱን ለንስሐ አባትሽ። ግን ዊጉን አውልቂ፣ ተቀመጪ። ዘጠኝ ሲሞላ በፌስታል የያዝኩትን ቆሎ አወጣሁላት። ውስጥ የሚሸጠው ፒዛና ዶሮ ነው፣ ዋጋውም አይቀመስም። ቆሎ ደግሞ አይበላሽ፣ አይፈስ፣ ልብስ አያቆሽሽ። አጠገባችን የተቀመጠ ሰማያዊ ፀጉር ልጅ ቀምሶ «ይሄ የት ይሸጣል?» አለን።

ለእራት ሩቅ አትሂዱ። ከጉባኤው አጠገብ ካለው ከማውንት ቨርነን ስኩዌር ባቡር ጣቢያ በአረንጓዴው መስመር ሁለት ፌርማታ ዩ ስትሪት ናችሁ። ዘጠነኛው መንገድ ላይ በያይነቱ በልታችሁ ትመለሳላችሁ። ጓደኛዬ ቀንዷን ጠረጴዛ ሥር ደብቃ ነበር የበላችው። አስተናጋጇ ግን ሂሳብ ስታመጣ «እህቴ፣ ያንን ነገርሽን እንዳትረሺው» ብላ በእግሯ አሳየቻት።

መኪና ይዛችሁ እንዳትመጡ፣ ፓርኪንጉ ያስለቅሳል። ባጃችሁን (አንገት ላይ የሚንጠለጠለውን መግቢያ) ከተቻለ ሐሙስ ማታ ውሰዱ፣ የዓርብ ጠዋቱን ሰልፍ አላወራልሽም። እሑድ ደግሞ አንዳንድ ሻጮች ጭነው ላለመመለስ ሲሉ ዋጋ ይቀንሳሉ፣ የምትገዢውን ለዚያ አቆዪው።

ለመሆኑ ቲኬታችሁ የሦስቱም ቀን ነው ወይስ የቅዳሜ ብቻ? እሱን አልነገርሽንም። የቅዳሜ ብቻ ከሆነ ምክሬ ትንሽ ይለያል፣ ጻፊልኝ።