የአባቴን ትንንሽ መኪኖች ልሽጣቸው?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? የምጽፍልዎ ከሐዋሳ ታቦር ነው። አባቴ ባለፈው ዓመት አርፎ ዕቃውን ስናነሳ ከአልጋው ሥር አንድ ካርቶን ሙሉ መጫወቻ አገኘን። አብዛኞቹ ከጣት የማይበልጡ የብረት መኪኖች ናቸው። በቁልፍ የሚሞላ የቆርቆሮ ባቡርም አለበት። ከሽቦ የተሠራ ትልቅ የጭነት መኪና ደግሞ አለ፤ እሱን እናቴ «ቆሻሻ ነው፣ ይጣል» ብላኛለች። አንድ ነጋዴ ካርቶኑን በጅምላ ልግዛሽ እያለኝ ነው። ልሽጥለት? እርስዎስ ይህን ያህል ዘመን ሲሰበስቡ ኖረው፣ ዛሬ እንደ አዲስ ቢጀምሩ ምን ይሰበስቡ ነበር?

መልስ፦ ልጄ፣ በቅድሚያ የአባትሽን ነፍስ ይማር። ነጋዴውን ለጊዜው ጠብቅ በይው። በጅምላ የሚገዛ ሰው ከካርቶኑ ውስጥ ዓይኑን የጣለበት አንድ ወይም ሁለት ዕቃ አለ፤ ሌላውን የሚወስደው ያንን ለመደበቅ ነው።

እኔ ዕድሜዬን የገፋሁት አዳማ ለገሀር አካባቢ ሰዓት ስሠራ ነው። መሰብሰብ የጀመርኩትም በዚሁ ሥራ ሰበብ ነው። በቁልፍ የሚሞላ መጫወቻ ሲበላሽ ሰው ወዴት ይወስደዋል? ወደ ሰዓት ሠሪ። ባለቤቶቻቸው ሳይመለሱላቸው የቀሩት እኔው ዘንድ ቀሩ፤ ከዚያ በኋላ እየፈለግሁ መግዛት ጀመርኩ።

አሁን መኪኖቹን አንድ በአንድ ገልብጪና ሆዳቸውን አንብቢ። «ሌስኒ» የሚል ካገኘሽ ማችቦክስ የሚባለው መጫወቻ መኪና ነው፤ ሌስኒ በሚባል ድርጅት እንግሊዝ አገር የተሠራ። ሌስኒ ማችቦክስን ያወጣው በ1953 እ.ኤ.አ. ነው። ከድርጅቱ ሰዎች አንዱ የነበረው ጃክ ኦዴል ሴት ልጅ ነበረችው፤ ትምህርት ቤቷ ከክብሪት ቤት የማያልፍ መጫወቻ ብቻ ይፈቅድ ስለነበር ከናስ ትንሽ የመንገድ መዳመጫ ሠራላት፤ ማችቦክስ ማለት የክብሪት ቤት ነውና ስሙም የመጣው ከዚያ ነው። ድርጅቱ በ1982 እ.ኤ.አ. ከስሮ ስሙ ለሆንግ ኮንግ ኩባንያ ተሸጠ። ስለዚህ ከዚያ ወዲህ ባሉት ላይ አብዛኛውን ጊዜ የምታነቢው ማካው፣ ቻይና ወይም ታይላንድ ነው። ጎማቸውንም እያሽከረከርሽ እዪ። ሆት ዊልስ የተባለው የአሜሪካ መጫወቻ መኪና በ1968 እ.ኤ.አ. በቀጭን ዘንግ ላይ የሚበር ጎማ ይዞ ሲመጣ ገበያውን ስለወሰደባቸው ሌስኒዎችም በ1969 እ.ኤ.አ. ጎማቸውን ወደዚያው ቀየሩ፤ ዝግ ብሎ የሚዞር ጎማ ያላቸው እንግዲህ የቀደሙት ናቸው። ሆት ዊልስ ካገኘሽ ግን ሆዱ ላይ ባለው ዓመት አትታለይ፤ ሞዴሉ የወጣበት እንጂ መኪናው የተሠራበት ላይሆን ይችላል።

ቀለሙ ቢላላጥም እንዳትቀቢው። አዲስ ቀለም የነካው መኪና ዋጋው ይወድቃል። በሳሙና ውሃ የረጠበ የጥርስ ብሩሽ ይበቃዋል፤ አትዘፍዝፊው፣ ዘንጉ ይዝጋል። አንዱ በራሱ ጊዜ ተሰነጣጥቆ እንደ ብስኩት የሚፈረፈር ከሆነ መድኃኒት የለውም። መኪናው የተሠራበት ዚንክ ሲቀልጥ እርሳስ የሚባለው ብረት ስለገባበት ነው፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት በተሠሩት ላይ ይበዛል። እርጥበት ደግሞ ያፋጥነዋል። እናንተ ሐይቅ ዳር ስለሆናችሁ፣ አዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ የምትገኘዋን እርጥበት የምትመጥ ከረጢት እየሰበሰብሽ አብረሽ አስቀምጪ። ባቡሩን ቁልፉ ተገኘ ብለሽ እንዳትሞዪው፤ ዘይቱ ደርቋል፣ ሞላው ከተበጠሰ እጅ ይቆርጣል። ሰፈርሽ ላለ ሰዓት ሠሪ ስጪው። የድሮ ቀለም እርሳስ ሊኖረው ስለሚችል ሕፃን አፉ ውስጥ እንዳያስገባው አደራ።

አሁን እናትሽ ይጣል ወዳሉት ልምጣ። ዛሬ ብጀምር የምሰበስበው እሱን ነው።

ማችቦክስ ስሙ ሆዱ ላይ ተጽፎለታል። የቀለሙን፣ የጎማውን፣ የቁጥሩን ልዩነት ሳይቀር ሰብሳቢዎች መዝግበውታል። አንቺ ብትጥይው ሌላ አገር፣ ሌላ ሰው እጅ ወንድሙ አለ። የሽቦው መኪና ግን ወንድም የለውም። ሲሰበር ሽቦው ተቃንቶ ሌላ ይሠራበታል፣ ቆርቆሮው ለቁራሌው ይሄዳል፤ ለዚህ ነው የማይተርፈው። የሴቶቹ የጨርቅ አሻንጉሊትማ ጭራሹን አይገኝም። አዲስ አበባ ስድስት ኪሎ ያለው የኢትኖሎጂ ሙዚየም ልጅነትን ከሕይወት ምዕራፎች አንዱ አድርጎ ያሳያል፤ ስትሄጂ እዪው። ግን ሁሉን ነገር ለሙዚየም ትተን አንችለውም።

እኔ ዘንድ አንድ የሽቦ ኤንትሬ፣ ያ የድሮው የፊያት ጭነት መኪና፣ ከነተሳቢው አለ። የሠራው የአዳማ ልጅ ነው። ያኔ የአሰብና የጅቡቲ ጭነት በከተማችን መሐል ሲያልፍ ልጆች አስፋልት ዳር ቁጭ ብለው እያዩ ነበር የሚሠሩት። ጎማዎቹ ከሸበጥ ሶል በክብ የተቆረጡ ናቸው። ካቢኑ የዘይት ቆርቆሮ ነው፤ ጽሑፉ ወደ ውስጥ ዞሮ ዛሬም ይነበባል። መጋጠሚያው ሁሉ ከብስክሌት ጎማ በተቀደደ ላስቲክ የተቋጠረ ነው። የመሪው ሽቦ ረጅም ነው፣ የሚነዳው ልጅ ደረት ድረስ ይደርሳል፤ ስታዞሪው የፊት ጎማው አብሮ ይዞራል። እኔን የሚገርመኝ ግን የተሳቢው መንጠቆ ነው። ልጁ ሽቦውን ሁለት ጊዜ ጠምዝዞ ሰፋ ያለ ቀለበት አበጅቶለታል። ቀለበቱ ክፍተት ስላለው መኪናው ወደ ኋላ ሲገፋ ተሳቢው ወደ ጎን ይታጠፋል፣ ልክ ሾፌሮቹ ሲያቆሙት እንደሚታጠፈው። ቀለበቱን ቢያጠብቀው ኖሮ ይህ አይሆንም ነበር። ማንም አላስተማረውም፤ አይቶ ነው ያወቀው። በማጉያ መነጽር የሰዓት ሆድ ስመለከት የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ያ ቀለበት ግን ደጋግሜ አይቼው አልጠገብኩትም።

እንግዲህ ያንቺን መኪና በደረቅ ብሩሽ አራግፊው። ዝገቱ ላይ የስፌት መኪና ዘይት በጨርቅ ቀባ አድርጊ፤ ዘይቱ ጎማውን እንዳይነካው። ሶሉ በፀሐይ ስለሚፈረፈር ጨለማ ቦታ ይቀመጥ፤ ክብደቱም ጎማው ላይ እንዳያርፍ ከሥሩ እንጨት ደግፊበት። ከሁሉ በፊት ግን እናትሽንና የአባትሽን ታላላቆች ጠይቂ፤ አባትሽ ራሳቸው ናቸው የሠሩት? የት ሰፈር? ሽቦው ከየት መጣ? የነገሩሽን በእርሳስ ጽፈሽ መኪናው ላይ እሰሪው። የእስክሪብቶ ቀለም ውሃ ሲነካው ይሄዳል፣ እርሳስ አይሄድም።

ማችቦክሶቹን ገንዘብ ካስፈለጋችሁ ሽጪ፣ ነውር የለውም። ግን በነጠላ ይሁን፤ የራሱ ትንሽ ሳጥን ያለው ካለ ለብቻው አውጪው፣ ዋጋው ሌላ ነው። የሽቦውን ለነጋዴው አታሳዪውም። ከፊት፣ ከጎንና ከሥር ፎቶ አንሺና ላኪልኝ፤ መሪው ከፊት ጎማው ጋር በምን እንደተያያዘ በደንብ ይታይ። የሐዋሳ ልጆች ይህን በምን መላ እንደሠሩት ማየት እፈልጋለሁ።