«በገዛ ጓዳዬ እንግዳ ሆኛለሁ»

ከደብረ ብርሃን የጻፍሽልኝ እህቴ፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ።

ደብዳቤሽ ረጅም ስለሆነ ለሌሎች አንባቢዎች ጭብጡን ላስቀድም። ተወልደሽ ያደግሽው ሸዋ ሮቢት ነው። በትዳር ደብረ ብርሃን ከገባሽ አራት ዓመት ሆነሽ። ከዓመት ተመንፈቅ በፊት አማትሽ ባላቸውን ቀብረው ከመንዝ እናንተ ዘንድ መጡ። ከዚያ ወዲህ ክክ ወጥ ብትሠሪ «ጥሬ ነው»፣ እንጀራ ብትጋግሪ «ዓይን የለውም»፣ ሲብስም «ምን ታርግ፣ የቆላ እጅ ነው» ይሉሻል። ለፋሲካ የሰባት ወር እርጉዝ ሆነሽ ሽንኩርት ስታቁላዪ አምሽተሽ የሠራሽው ዶሮ ሲቀርብ፣ እሳቸው እንቁላሉን ብቻ አንስተው ወጡን ሳይነኩ ከገበታ ተነሱ። ባለቤትሽም እንግዳ ፊት «የእማዬን ዶሮ ማን ይደርስበታል!» ብሎ ሳቀ። ወንድ ልጅሽ ሐምሌ 1 ተወለደ፤ አርባ ቀኑ ነሐሴ 10፣ ፍልሰታ ውስጥ ይውላል። አማትሽ ለክርስትናው ስድሳ ሰው ጠርተው ድግሱን ብቻቸውን ሊያወጡ ተነሥተዋል። አንቺ እናትሽ መጥተው እንዲያግዙሽ፣ እንግዳውም ከሃያ እንዳያልፍ ትፈልጊያለሽ። ባለቤትሽ «እናንተው ተስማሙ» ይልና ይወጣል። አንቺም ሌሊት ሌሊት ታለቅሻለሽ።

ከለቅሶው ልጀምር፤ ከድግሱ ይቀድማል። በወለዱ ሰሞን ሆድ መባስና ያለ ምክንያት እንባ መምጣት ብዙ አራሶች የሚያልፉበት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ሳምንት ውስጥ ይለቃል። አንቺ ግን ሦስተኛ ሳምንትሽን ይዘሻል። ሕፃኑ ተኝቶ እንኳ እንቅልፍ እምቢ የሚልሽ ከሆነ፣ ልጁን ማቀፍ ከከበደሽ፣ ነገን ማሰብ ካስጠላሽ «የአማቴ ነገር ነው» ብለሽ አትለፊው። በዚህ ሳምንት ጤና ጣቢያ ሄደሽ ለባለሙያው ለእኔ እንደጻፍሽው አድርገሽ ንገሪ፤ ሕክምና አለው። ራስሽን ወይም ሕፃኑን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣብሽ ደግሞ እኩለ ሌሊትም ቢሆን ሰው ቀስቅሺ፤ ብቻሽን አትሁኚ።

«የቆላ እጅ» የምትለውን ቃል በደብዳቤሽ ውስጥ ስምንት ቦታ አግኝቻታለሁ። ምን ያህል እንደወጋችሽ ከዚህ ይገባኛል። ስለዚህ አንድ ነገር ልንገርሽ። ሸዋ ሮቢት ከባሕር ወለል በላይ 1,280 ሜትር ግድም ላይ ናት፤ ደብረ ብርሃን ከ2,800 ሜትር በላይ። አገሩ ከፍ ባለ ቁጥር ውኃ የሚፈላበት ሙቀት ዝቅ ይላል። እናትሽ ቤት ወደ 96 ዲግሪ ደርሶ የሚፈላው ውኃ፣ አንቺ ቤት 91 ዲግሪ ገደማ ላይ ይንተከተካል። ድስቱ ሲንተከተክ ታያለሽ፤ ክኩ ግን የሚያገኘው ሙቀት ያነሰ ነው፤ ስለዚህ ከእናትሽ በተማርሽው ጊዜ ካወረድሽው ጥሬ ይሆናል። ሊጡም እንደዚሁ፤ ቆላ ላይ በሁለት ቀን ኩፍ የሚለው፣ በደብረ ብርሃን ሐምሌ አንድ ሁለት ቀን ይጨምራል። አማትሽ ቡሃቃውን በጋቢ ጠቅልለው ምድጃው ጥግ ሲያስቀምጡ አንቺ «ሥራዬን ሊነኩብኝ» ብለሽ መልሰሽ እንዳወጣሽው ጽፈሻል። እሳቸው ሊጡን ከብርድ እያሸሹልሽ ነበር።

እና አማትሽ ጉድለቱን በትክክል አይተዋል። ምክንያቱን ግን ከእጅሽና ከትውልድሽ ላይ ጫኑት፤ እዚያ ላይ በድለውሻል። ሁለቱን ለያይተሽ ያዢ። እውቀታቸውን ብትጠይቂ አትዋረጂም፤ ስድቡን ዝም ብለሽ ዋጪ ግን አልልሽም። አንድ ቀን ቡና ላይ፣ ባለቤትሽ በሌለበት፣ በራስሽ አነጋገር እንዲህ ማለት ትችያለሽ፦ «እማማ፣ እዚህ ብርድ አገር ክኩ እምቢ ብሎኛል፤ እርስዎ ስንት ሰዓት ነው የሚያቆዩት? ሲጎድል ይንገሩኝ፣ እማራለሁ። የቆላ እጅ ሲሉኝ ግን እናቴንም የሰደቡብኝ ያህል ይሰማኛል።» ይህን ሳታለቅሺና ድምፅሽን ሳታነሺ ለመናገር ልምምድ ይጠይቃል፤ ሕፃኑን እያጠባሽ ለራስሽ ደጋግመሽ በይው።

ደብዳቤሽ መጨረሻ ላይ እግረ መንገድሽን የጣልሻት ዓረፍተ ነገር ደግሞ አለች፤ «መንዝ እያሉ ሰርግ ሲደገስ ወጥ ሠሪ ሆነው የሚጠሩት እሳቸው ነበሩ» የምትለው። እኔ ደጋግሜ ያነበብኩት እሷን ነው። እኚህ ሴት በአንድ ዓመት ባላቸውን፣ ቤታቸውን፣ በሰንበቴውና በማኅበሩ የነበራቸውን ስም ጥለው መጡ። እዚህ ደግሞ ማማሰያው የሌላ ሰው ነው። «እዚህ ቤት እኔ ምኔ ነኝ?» ብሎ ለመጠየቅ አንደበት ያጠረው ሐዘንተኛ የሰው ድስት ይከፍታል። ከገበታ መነሣታቸው በዚህ አይጸድቅም። ግን ልብ ብትዪው፣ ለክርስትናው ይህን ያህል የሚጣደፉት አንቺን ለመግፋት ብቻ አይመስለኝም።

ቅር ያሰኘኝ ባለቤትሽ ነው። «ተስማሙ» ብሎ መውጣት ከጠብ የራቀ ያስመስለዋል እንጂ፣ ነገሩን ያባባሰው የእሱ ሳቅ ነው። በሰው ፊት የተነገረ በሰው ፊት ይመለሳል፤ ስለዚህ እናቱ በተቀመጡበት «ያን ቀን አጥፍቻለሁ» ማለት የእሱ ድርሻ ነው። ሲረጋጋ ጠብቀሽ ንገሪው፦ «የፋሲካው ንግግርህ እስካሁን አልወጣልኝም። ከእማማ ጋር ተጣላ አልልህም። የክርስትናውን ነገር ግን ሦስታችን ቁጭ ብለን እንቁረጥ፤ አንተም ኖረህ።»

ስትቀመጡ ወረቀትና እስክሪብቶ ይኑር። ስድሳም ሃያም ከማለታችሁ በፊት ቤታችሁ ስንት ሰው ያስቀምጣል፣ ኪሳችሁስ ምን ያህል ይችላል? ቁጥሩን ከዚያ አውጡት፤ ለቀረው ዘመድ መንገሩም የባለቤትሽ ሥራ ይሁን። ፍልሰታ መሆኑን እኔ እንደ በረከት አየዋለሁ፤ ዶሮ የለም፣ ከፋሲካው ጋር የሚወዳደር ወጥ የለም።

ጠላውንና ስልጆውን ለአማትሽ ተዪላቸው፣ ሙሉ በሙሉ። ጠላ ከጥንስሱ እስኪጠለል ከሳምንት በላይ ይፈልጋል፣ በዚህ ብርድ ደግሞ ይብሳል፤ ስለዚህ ሥራው ዛሬ ነገ መጀመር አለበት፤ ይህን ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ ቤቱ ውስጥ የለም። ስልጆም ከባቄላ ዱቄቱ፣ ከሱፉና ከሰናፍጩ ተዋህዶ ለመቡካት ቀናት ይሻል። እናትሽ የአገራቸውን የማሾ ወጥ ይሥሩ። አንቺ አራስ ነሽ፤ ምድጃ ላይ አትቆሚም። አዚፋውን ግን ተቀምጠሽ መሥራት ትችያለሽ፤ ምስሩ ሌላ ሰው ቀቅሎልሽ ከቀዘቀዘ በኋላ ቃሪያውን፣ ሽንኩርቱን፣ ሰናፍጩን አንቺ ለውሺው። ሽሮውና ጎመኑ ለጎረቤት አይከብድም። ባለቤትሽ እንጀራውን ለጋጋሪ ያዝዝ፤ ወንበርና ሳህን ከእድሩ ያምጣ። አንድ ደንብ ብቻ ከፍ ባለ ድምፅ ይነገር፦ ማንም የሌላውን ድስት ከፍቶ ጨው አይጨምርም።

ድግስ የአንድ ቀን ነው፤ አንቺን የጨረሰሽ ግን የየዕለቱ «ዛሬ ምን ይሠራ?» ነው። ሦስት አዋቂ ባለበት ቤት ጥያቄውን አንቺ ብቻ ስትመልሺው ኖረሻል። ከአራስነት ስትነሺ፣ እሑድ ማታ የሳምንቱን ምግብ አብራችሁ ቁረጡ። ረቡዕና ዓርብ ጾም ስለሆነ ከሌሎቹ ይቀላል። ሁለት ቀን ሙሉ በሙሉ የአማትሽ ይሁን፤ ያን ቀን ጓዳ አትግቢ፣ የቀረበልሽን ብዪ፣ ጣፍጦሽ ከሆነም ንገሪያቸው። በአንቺ ቀን እሳቸው እንደዚያው። መጀመሪያ ላይ ይረሱታል፤ ገብተው ድስት ይከፍታሉ። ያኔ አትቆጪ፤ «እማማ፣ ዛሬ የእኔ ቀን ነው» በይና ቡናውን አቅርቢላቸው። የገበያው ዝርዝርና አስቤዛው ለባለቤትሽ ይሁን።

ለእናትሽ ዛሬውኑ ደውዪላቸው። ማሾውን ከሸዋ ሮቢት ይዘው፣ ከክርስትናው ሁለት ቀን ቀድመው ይምጡ። ጣርማ በርን ከወጡ በኋላ ውኃው እንደ ቤታቸው እንደማይፈላላቸው አስቀድመሽ ንገሪያቸው፤ ማሾውን ማታውኑ ይዘፍዝፉት፣ ጠዋትም ከለመዱት ሰዓት ቀደም ብለው ይጣዱት።