«እኔን አላገኘኝም» ብሎ ማመስገን ይገባል?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው ሜሪላንድ ነው። ሥራዬ ሆም ኬር ነው። የምንከባከባቸው እናት አይሁዳዊት ናቸው፤ በልጅነታቸው ከሆሎኮስት፣ ናዚ ጀርመን አይሁድን ከፈጀበት እልቂት፣ የተረፉ። እናታቸውና ታናሽ ወንድማቸው አውሽዊትዝ በተባለው የናዚዎች የሞት ካምፕ ቀርተዋል። በየዓመቱ ለእናታቸው ሻማ ሲያበሩ አጠገባቸው እንድቆም ይጠሩኛል። ታሪካቸውን ከሰማሁ ወዲህ ማታ ማታ «ጌታ ሆይ፣ እንዲህ ያለ መከራ ስላላሳየኸኝ ተመስገን» እላለሁ። ግን ይረብሸኛል። በሰው ሐዘን ላይ ቆሜ የማመሰግን ይመስለኛል። እንዲህ ማመስገን ይገባል? ለሟቾቻቸው በቤተ ክርስቲያን ማሳሰብስ እችላለሁ? ሻማው ጋ መቆሜስ ጥፋት ይሆን?

መልስ፦ እኅቴ፣ የረበሸሽ ያለ ምክንያት አይደለም። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 18 ያለው ፈሪሳዊም እኮ እያመሰገነ ነበር። «እንደ ሌላው ሰው ስላልሆንሁ» ነበር ያለው። አንቺ እንደ እሱ ትዕቢተኛ ነሽ ማለቴ አይደለም። ግን ምስጋናችን ከማወዳደር ከጀመረ፣ የሌላው መከራ የእኛ ደስታ መለኪያ ይሆናል። እማማም በጸሎትሽ ውስጥ ሰው መሆናቸው ቀርቶ ምሳሌ ብቻ ይሆናሉ።

ደግሞ አስቢው። እግዚአብሔር አንቺን ከዚያ መከራ ስለጠበቀሽ ካመሰገንሽው፣ የእማማን ታናሽ ወንድም ለምን አልጠበቀውም? ለዚህ ጥያቄ የተዘጋጀ መልስ አለኝ የሚል መምህር ካጋጠመሽ አትመኚው። የኢዮብ ወዳጆች ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ዝም ብለው አብረውት ሲቀመጡ ደግ አደረጉ። የተሳሳቱት ማስረዳት ሲጀምሩ ነው።

ታዲያ አታመስግኚ ማለቴ ነው? በፍጹም። የአኰቴትን ጸሎት ታውቂዋለሽ። «እስመ ከደነነ ወረድአነ» ይላል፤ ሸፍኖናልና፣ ረድቶናልና። እስከዚህች ሰዓትም አድርሶናልና። ሌላው ቀርቶ እኔ ደረስኩ የሚል ቃል የለበትም። ያንን ጸልዪና እማማን ጨምሪበት፦ «እሳቸውን እስከዛሬ ስላቆየህልኝ፣ ከእሳቸውም ጋር ስላገናኘኸኝ ተመስገን» በዪ። ዛሬ በሕይወት ያሉት የዚያ ዘመን ሰዎች ያኔ ሕፃናት ነበሩ። በየዓመቱ ቁጥራቸው እያነሰ ነው። ከእነሱ ጋር ተቀምጦ ቡና መጠጣት ለልጅ ልጆችሽ አይደርሳቸውም። አንቺ ግን ደርሶሻል።

አሁን ስለ መታሰቢያው። ናዚዎች 6 ሚሊዮን አይሁድ ገድለዋል። 1.5 ሚሊዮን ያህሉ ልጆች ነበሩ። አውሽዊትዝ ብቻ 1.1 ሚሊዮን ያህል ሰው አልቋል። ለሥራ የተመረጡት ክንዳቸው ላይ ቁጥር ተነቀሱ። ከባቡር ወርደው በቀጥታ ወደ ጋዝ ክፍል የተነዱት ግን ቁጥር እንኳ አልተሰጣቸውም። መቃብር የላቸውም። ብዙዎቹ የሞቱበት ቀን ስለማይታወቅ ሙት ዓመታቸውን ቤተሰብ ራሱ ቀን መርጦ ነው የሚያስበው። አርባ እንዳያልፍ፣ ሙት ዓመት እንዳይረሳ የምንጨነቅ እኛ ይህ ምን ያህል እንደሚያም አይጠፋንም።

ኢየሩሳሌም ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1953 የተመሠረተው ያድ ቫሼም የተባለው የሆሎኮስት መታሰቢያ ተቋም የሟቾቹን ስም አንድ በአንድ ሲሰበስብ ኖሯል፤ ወደ 5 ሚሊዮን ደርሷል። መጠሪያውን ያገኘው ከኢሳይያስ 56፥5 ነው። እግዚአብሔር ልጅ ለማይወልዱ ጃንደረቦች መታሰቢያና ስም እሰጣቸዋለሁ ያለበት ቦታ ነው። ያ የእኛ ጃንደረባ በጋዛ መንገድ በሠረገላው ላይ ሲያነብ የነበረው ይህንኑ መጽሐፍ ነው። ሦስት ምዕራፍ ቢገፋ ይህን ቃል ያገኘው ነበር። ሳስበው ሁልጊዜ ይገርመኛል።

በቤተ ክርስቲያን ማሳሰብን በተመለከተ ቁርጡን ልንገርሽ። ጸሎተ ፍትሐትና ተዝካር የምእመናን ሥርዓት ነው። እነዚህ ሰዎች ደግሞ የተገደሉት አይሁድ በመሆናቸው ነው። ከሞቱ በኋላ ክርስትና ስም ሰጥተን ልናሳስባቸው አይገባም፤ ማንነታቸውን ዳግመኛ መቀማት ይሆናል። በግል ጸሎትሽ ግን ስማቸውን በእግዚአብሔር ፊት ብትጠሪ የሚከለክልሽ የለም። ቤተ ክርስቲያናችን ጥር 3 ሄሮድስ ያስፈጃቸውን የቤተልሔም ሕፃናት ታስባለች። የአይሁድ እናቶች ልጆች ናቸው። ወንጌሉም ራሔል መጽናናትን እንዳልወደደች ይነግረናል እንጂ ለቅሶዋን ሊያቋርጣት አይሞክርም።

ሻማው ጋ ቁሚ። «ከሚያለቅሱም ጋር አልቅሱ» ተብለናል። በምኵራባቸው ለሟች የሚደገመው ቃዲሽ ስለ ሞት አንድም ቃል የለበትም፤ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የእግዚአብሔርን ስም ያከብራል። በዚያ ሁሉ ሐዘን ላይ ማለት ነው። ማመስገንን ከእነሱም መማር ትችያለሽ።

አንድ ሳልጠቅስ የማላልፈው ነገር አለ። ይህ የተፈጸመው በክርስቲያኖች አገር ነው። ከገዳዮቹ ብዙዎቹ የተጠመቁ ነበሩ። «ጌታን የሰቀሉ» እየተባለ ለዘመናት የተሰበከው ጥላቻ መንገዱን ጠርጎላቸዋል። እኛም በአገራችን የቤተ እስራኤልን ማረሻና ማሰሮ እየገዛን፣ ሰዎቹን «ቡዳ» እያልን ስንሸሻቸው ኖረናል። ስለዚህ በስቅለት ሰሞን አይሁድን የሚሳደብ ሰው አጠገብሽ ካለ ዝም አትበዪው። እመቤታችንም ሐዋርያትም ከዚያው ሕዝብ መሆናቸውን ንገሪው። ሆሎኮስት ውሸት ነው የሚል ቪዲዮ ሲላክልሽም ለሌላ አታስተላልፊ። ለላከው ሰው የምታውቂያቸው እናት እንዳሉ ጻፊለት።

እማማ ራሳቸው ሊነግሩሽ ሲፈልጉ የሟቾቹን ስም ጠይቀሽ ጻፊ፤ አጠራሩንም ተማሪ። ካልፈለጉ አታስጨንቂያቸው። ሳይፈቅዱ ቀርጸሽ ቲክቶክ ላይ እንዳታወጪ። ጃንዋሪ 27 አውሽዊትዝ በ1945 ነፃ የወጣበት ቀን ነው፤ በዓለም ዙሪያ ይታሰባል። ልጆች ካሉሽ፣ እሳቸውም ደስ ካላቸው፣ በዚያ ሰሞን ይዘሻቸው ሂጂ። ምን እንጠይቅ ካሉሽ ስለ ካምፑ አይጀምሩ። ስለ እናታቸው ይጠይቋቸው፤ ምን ያበስሉ እንደነበር፣ ልጃቸውን በምን ቁልምጫ ይጠሩ እንደነበር።