ሲዳብሱት ለሚወራጭ የማሞቂያ ክፍል ጨቅላ

እህቴ፣ «በ30 ሳምንት ተወልዶ ማሞቂያ ክፍል ዘጠኝ ቀን ሆነው፤ ስዳብሰው ይወራጫል፣ ልጄ ልጄ አልል አለኝ» ብለሽ ለጠየቅሽው፦ አንቺን ጠልቶ አይደለም። ቆዳው ስስ ነው፣ ነርቩም ገና አልበሰለም፤ ላይ ታች እያሉ መዳበስ ያደክመዋል። እሱ የሚፈልገው የማይንቀሳቀስ እጅ ነው።

ቀለበትሽን አውልቀሽ እስከ ክርንሽ ታጠቢ፣ እጅሽን አሙቂ። አንዱን መዳፍ አናቱ ላይ፣ ሌላውን የታጠፉ እግሮቹ ላይ አድርገሽ ዝም ብለሽ ያዢው። ስትጨርሺ አንዱን እጅ አስቀድመሽ ቀስ ብለሽ አንሺ፤ ሁለቱም ባንዴ ከተነሡ ይደነግጣል። ጣቶቹን ከበተነ፣ ስቅ ካለው ወይም ፊቱን ካዞረ «በቃኝ» ማለቱ ነው። እጁን ወደ አፉ ከወሰደ ተመችቶታል።

ዋናው ግን ካንጋሮ ነው፣ ደረት ላይ ማቀፍ። እ.ኤ.አ. በ1978 ኮሎምቢያ፣ ቦጎታ ከተማ ውስጥ የተጀመረው ማሞቂያ ስላጠረ ነበር፤ ዛሬ ማሞቂያ በተረፈበት አገርም ይሠራበታል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ያወጣው ምክር በቀን ከ8 እስከ 24 ሰዓት ነው፣ ከተወለደ ጀምሮ። ስለዚህ «ከማቀፍሽ በፊት ኪሎ ይጨምር» ካሉሽ ምክንያቱን በትሕትና ጠይቂ። በአፍንጫው የገባ የምግብ ቱቦ ወይም ኦክስጅን ብቻውን አይከለክልም። በመተንፈሻ ማሽን ላይ ካለ ግን ሐኪሙን ስሚ።

ልጁ ዳይፐር፣ ኮፍያና ካልሲ ብቻ ይልበስ። ጡት መያዣሽን አውልቀሽ ደገፍ በይ፣ ሙሉ በሙሉ አትተኚ። ደረቱ በደረትሽ፣ እጅና እግሩ እንደ እንቁራሪት ታጥፎ፣ ራሱ ወደ ጎን ዞሮ፣ አገጩ ትንሽ ቀና ብሎ። ስህተት የሚበዛው እዚህ ላይ ነው፤ አገጩ ደረቱ ላይ ከወደቀ የአየር መተላለፊያው ይታፈናል፣ እሱ ደግሞ አንገቱን መልሶ ማቅናት አይችልም። ነጠላውን ከጆሮው ሥር ጀምረሽ ደረቱ ላይ ጠበቅ፣ ሆዱ ላይ ላላ አድርጊ፤ ጨቅላ በሆዱ ነው የሚተነፍሰው። የምታቅፊው ከአንድ ሰዓት በታች ከሆነ ከማሞቂያው ባታወጪው ይሻላል፣ መውጣት መግባቱ ራሱ ያደክመዋል። የሰውነቱ ሙቀት ከ36.5 እስከ 37.5 ዲግሪ ይሁን። ትንፋሹ ከቆመ ወይም ከንፈሩ ከጠቆረ ጀርባውን አሸት አሸት እያደረግሽ ወዲያው ሲስተሯን ጥሪ።

ሽቶ አትቀቢ፤ የሚለይሽ በጠረንሽ ነው። (ዘመድ «እንዳትነኪው፣ ይሰበራል» ሲል አትስሚ።)

ወተትሽን በ24 ሰዓት ቢያንስ 8 ጊዜ እለቢ፣ አንዱ ሌሊት ይሁን። ከካንጋሮ በኋላ ወዲያው ቢታለብ ቶሎ ይወርዳል። እንገሩ ጠብታም ብትሆን አትደፋ። በቱቦ ሲመገብ ጡትሽ አጠገብ አድርጊው፣ ይላስ፤ መጥባት፣ መዋጥና መተንፈስን ማቀናጀት የሚጀምረው ከእርግዝናሽ ጀምሮ ሲቆጠር ወደ 34 ሳምንት ሲጠጋ ስለሆነ አሁን ባይጠባ አትደንግጪ። አንቺ ለማለብ ስትነሺ አባቱ ሸሚዙን ይክፈትና ይቀበልሽ፣ የእሱም ደረት ያሞቃል።