ተራራው ካለቀ ወዴት ይወጣል? የአየር ንብረት ለውጥና የደጋው ሕይወት፦ ጥያቄና መልስ

በደጋው የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ዙሪያ ለዓመታት ስለሠራሁ፣ የአየር ንብረት ለውጥ በአገራችን ብዝኃ ሕይወት ላይ ስለሚያደርሰው ጉዳት ለቀረቡልኝ ጥያቄዎች ከዚህ በታች መልስ እሰጣለሁ።

ጥያቄ፦ አገራችን የተራራ አገር ናት። ሙቀቱ ከበረታ እንስሳቱ ወደ ላይ ወጥተው ሊተርፉ አይችሉም?

መልስ፦ የተወሰኑት ይወጣሉ። ከፍታ በ100 ሜትር ሲጨምር ሙቀቱ ከግማሽ ዲግሪ በላይ ስለሚቀንስ፣ አየሩ በ1 ዲግሪ በሞቀ ቁጥር አንድ ዝርያ የለመደውን ቅዝቃዜ ለማግኘት ከ150 ሜትር በላይ መውጣት አለበት። ይሁን እንጂ ተራራ ወደ ላይ ሲሄዱ እየጠበበ ይሄዳል፤ በመጨረሻም ያልቃል። የባሌው ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ላይ ያበቃል።

ቀይ ቀበሮን እንመልከት። በዓለም ላይ ለአካለ መጠን የደረሱት ከ500 እንደማያልፉ ይገመታል፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑትም በባሌ ተራሮች ይኖራሉ። ፀሐይ ሞቅ ስትል ሳነቴ አምባ ላይ ጸጥ ብሎ ለተቀመጠ ሰው፣ ግዙፉ ፍልፈል ከጉድጓዱ ጭንቅላቱንና ትከሻውን ብቻ ብቅ አድርጎ በአፉ የደረሰበትን ሣር እየነጨ ወደ ውስጥ ሲጎትት ይታየዋል። ቀበሮዋም ሆዷን ከመሬት አጣብቃ፣ አንድ እርምጃ ተራምዳ እየቆመች፣ ፍልፈሉ ጀርባውን እስኪሰጣት ትጠብቃለች። ይህ ፍልፈል ከባሌ ተራሮች በስተቀር በየትም አይገኝም፤ የሚፈልገውም ቀዝቃዛና ክፍት የሣር መሬት ነው። ሙቀቱ ጨምሮ አስታና ሌላው ቁጥቋጦ ወደ አምባው ከወጣ ሣሩ ይጠባል፤ ሣሩ ሲጠብ ፍልፈሉ ይመናመናል፤ ቀበሮዋም ዋና ምግቧን ታጣለች። ስለዚህ ሙቀቱ ራሱ ባይገድላትም እንኳ ከሥሯ ያለውን መሬት ይነጥቃታል።

ጅብራም በዚሁ አደጋ ውስጥ ናት። ለረጅም ዓመታት አድጋ፣ አንድ ጊዜ ብቻ አብባ፣ ዘሯን በትና የምትሞት ተክል በመሆኗ ከፈጣን ለውጥ ጋር እኩል መራመድ ይከብዳታል።

ጥያቄ፦ ቀበሮዎቹን የጎዳው እርሻና ውሻ ሆኖ ሳለ ሁሉንም በአየር ንብረት ማሳበብ ተገቢ ነው?

መልስ፦ ተገቢ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2003 በባሌ ዌብ ሸለቆ ብዙ ቀበሮዎችን የፈጀው ከቤት ውሻ የተላለፈ የእብድ ውሻ በሽታ ነበር። ነገር ግን ሁለቱን መለያየት አይቻልም፤ ውርጩ ሲቀንስ ገብስ ቀድሞ ወደማይበቅልበት ከፍታ ይወጣል፤ ከገብሱ ጋር ገበሬው፣ ከገበሬው ጋር ከብቱና ውሻው ይከተላሉ። የዱር እንስሳው መሸሻ ያለው ሙቀቱ ሰውንም በሚገፋበት በዚያው አቅጣጫ ነው፤ እኔን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝም ይኸው ነው።

ጥያቄ፦ ቤተሰቦቼ በጅማ ቡና አምራቾች ናቸው። የቡና ዕጣ ምን ይሆናል?

መልስ፦ እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ጥናት እንዳመለከተው፣ ምንም እርምጃ ካልተወሰደ እስከዚህ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ድረስ ዛሬ ቡና ከሚበቅልበት የአገራችን መሬት ከ39 እስከ 59 በመቶው ለቡና የማይመች ሊሆን ይችላል። ይኸው ጥናት እርሻው ወደ ከፍታ ቢሸጋገርና ደኑ ቢጠበቅ ለቡና ተስማሚ የሚሆነው መሬት ከዛሬው ሊበልጥ እንደሚችልም ያሳያል። በወረቀት ላይ ተስፋ ሰጪ ነው፤ ሆኖም የቡና ችግኝ ተተክሎ ፍሬ እስኪሰጥ ሦስትና አራት ዓመት ይፈጃል፤ ከላይ ያለው መሬትም ባለቤት አለው። ቤተሰብዎ የጥላ ዛፎቻቸውን እንዳይቆርጡ፣ አፈሩንም በገለባና በቅጠል እንዲያለብሱ አጥብቄ እመክራለሁ። የጫካ ቡና ጉዳይ ደግሞ የዓለም ጉዳይ ነው፤ ድርቅና በሽታ የሚቋቋም ዘር የሚፈለገው በደቡብ ምዕራብና በባሌው ሐረና ደኖች ውስጥ ካለው ቡና ነው።

ጥያቄ፦ ቆላው ሙቀት ለምዷል፤ እዚያ ያለው እንስሳ አይጎዳም ማለት ነው?

መልስ፦ በቦረና፣ በያቤሎና በሜጋ አካባቢ ብቻ የምትኖር፣ ላባዋ ግራጫ፣ በዓይኗ ዙሪያ ሰማያዊ ቆዳ ያላት የቁራ ዘመድ የሆነች ወፍ አለች። ተመራማሪዎች ከአካባቢው ለምን እንደማትወጣ ለብዙ ጊዜ ሲጠይቁ ቆይተዋል፤ ግራሩም አፈሩም ከዚያ ውጭ ካለው ብዙ አይለይምና። በኋላ እንደተደረሰበት፣ የምትኖርበት ቦታ በዙሪያው ካለው ቀዝቀዝ ያለ፣ ዓመታዊ አማካይ ሙቀቱ ከ20 ዲግሪ በታች የሆነ ነው። ቀኑ ሲሞቅ ምንቃሯን ከፍታ ታለከልካለች፤ ጥላ ፍለጋም ምግብ መልቀሟን ትቀንሳለች። እኛ የማናየው አጥር ለእርሷ እውነተኛ ግንብ ነው፤ ሙቀቱ በጨመረ ቁጥርም ያ ግንብ ወደ ውስጥ ይጠባል።

ጥያቄ፦ በዚህ ለውጥ የሚጠቀም ፍጡር የለም?

መልስ፦ አለ፤ የወባ ትንኝ። በሞቃት ዓመታት የወባ በሽታ ወደ ከፍተኛ ቦታዎች እንደሚወጣ በአገራችን በተደረገ ጥናት ተረጋግጧል።

ጥያቄ፦ አየሩን የሚያሞቀውን ጋዝ የሚለቁት ሌሎች ናቸው። እኛ ምን ማድረግ እንችላለን?

መልስ፦ ሙቀቱን ብቻችንን አናስቆመውም፤ ወደ ላይ የሚወስደውን መንገድ ክፍት ማድረግ ግን በእጃችን ነው። ከሐረና ደን እስከ ሳነቴ ያለው ተዳፋት ሳይቆራረጥ ከቆየ ተክሉም እንስሳውም ቀስ በቀስ መሸጋገሪያ ያገኛል። የመንዝ ሕዝብ ጓሳ የተባለውን የደጋ ሣር መሬት ለብዙ መቶ ዓመታት በራሱ ሥርዓት ሲጠብቅ ኖሯል፤ ሣሩን ለዓመታት ዘግቶ አቆይቶ፣ ጊዜው ሲደርስ ለቤት ክዳንና ለገመድ ያጭዳል፤ በድርቅ ዘመንም ለከብቱ ይከፍተዋል። ዛሬም በዚያ ሣር ላይ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ አብረው ይውላሉ።