የዕጩ ልምድ ምን ያህል ይመዝናል? ጥያቄና መልስ ከደብረ ብርሃን

ለረጅም ዓመታት ሥነ ዜጋ ያስተማርኩ እንደመሆኔ፣ ስለ ዕጩዎች ልምድ ከየወረዳው ለቀረቡልኝ ጥያቄዎች የምችለውን መልሻለሁ።

ከመሐል ሜዳ፦ መምህር፣ ሕጉ ለተወካዮች ምክር ቤት ዕጩ የሥራ ልምድ ይጠይቃል?

አይጠይቅም። ለመምረጥ 18፣ ለመመረጥ 21 ዓመት መሙላት ያስፈልጋል፤ ዲግሪም ሆነ የሹመት ዘመን ግን ቅድመ ሁኔታ አይደለም። ስለዚህ ልምድን የመመዘኑ ሥራ በሙሉ ለመራጩ የተተወ ነው።

ከደብረ ሲና፦ ሃያ ዓመት በወረዳ የሠራ ሰውና ሹመት አይቶ የማያውቅ ወጣት ቢቀርቡልን ማንን እንምረጥ?

መጀመሪያ የምንልከው ለየትኛው ሥራ እንደሆነ እንጠይቅ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 55 መሠረት ምክር ቤቱ ሕግ ያወጣል፣ በጀት ያጸድቃል፣ አስፈጻሚውን ጠርቶ ይጠይቃል። ማዳበሪያ ለምን ከዘር ወቅት በኋላ እንደሚደርስ፣ ለመንገድ የተያዘ ገንዘብ ሰኔ 30 ሲደርስ ለምን ሳይሠራበት እንደሚቀር በሥራ ላይ ሆኖ ያየ ሰው ሚኒስትሩን ፊት ለፊት የሚጠይቀው አያጣም፤ ይህ ልምድ ትልቅ ሀብት ነው። ነገር ግን ያንኑ ሃያ ዓመት የታዘዘውን ሪፖርት እየሞላ ያሳለፈ፣ አንድ ቀን እንኳ «ይህ ቁጥር ልክ አይደለም» ብሎ የማያውቅ ከሆነ፣ የያዘው የመታዘዝ ልምድ እንጂ የመጠየቅ ልምድ አይደለም። እኔ በዚህ ጊዜ የዕድሩን ሒሳብ በጉባኤ ፊት ያስመረመረውን ወጣት እመርጣለሁ።

ከሸዋ ሮቢት፦ የምንመርጠው ፓርቲውን አይደለም እንዴ?

መንግሥት የሚመሠርተው አብላጫ መቀመጫ ያገኘው ፓርቲ ስለሆነ ፓርቲው ይመዝናል። ሆኖም በምርጫ ክልሉ ድምፅ የሚቆጠረው ለዕጩው ነው፤ አንቀጽ 54ም ተመራጩ ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለኅሊናው ተገዥ ነው ይላል። ኅሊና ደግሞ የግለሰብ ነው።

ከአረርቲ፦ በሌላው ዓለም ልምድ ያለው ይሻላል?

ሁልጊዜ አይደለም። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1856 የተመረጡት ጄምስ ቡካነን የምክር ቤት አባል፣ ሴናተር፣ አምባሳደርና የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የነበሩ ቢሆንም አገሪቱ ስትከፈል ማስቆም አልቻሉም፤ ተከትለዋቸው የመጡት አብርሃም ሊንከን በፌዴራሉ ምክር ቤት የቆዩት ሁለት ዓመት ብቻ ነበር።

ከመንዝ ጌራ፦ አባቶቻችን በምን ይለኩ ነበር?

እስከ 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ድረስ ጓሳ የተባለውን የመንዝ የጋራ የሣር መሬት የሚያስጠብቁትን ሹሞች ተጠቃሚዎቹ ራሳቸው ይመርጡ ነበር፤ ሣሩ እንዲያገግም ከሦስት እስከ አምስት ዓመት የሚዘጋበት ጊዜም ነበር። ይህን ያህል ዘመን የገዛ ዘመድን ጭምር መከልከል የሚችል ሰው የሚታወቀው አብሮ በመኖር ይመስለኛል። እናንተም ዕጩው የማኅበር ገንዘብ ይዞ ከነበረ እንዴት እንዳስረከበ፣ ከእርሱ በታች የሠሩትን ሰዎች ጠይቁ።

ከደብረ ብርሃን፦ ተሳስተን ብንመርጥስ?

አንቀጽ 12 ሕዝብ እምነት ያጣበትን ተወካይ ከቦታው ማንሳት እንደሚችል ይደነግጋል። ይህን መብት ለመጠቀም ግን በዘመቻው ወቅት የገባልንን ቃል ጽፈን ማስቀመጥ ይኖርብናል።