ለወጣት ኡስታዞችና ኡስታዛዎች፦ ግመሏን ተዉአት፣ ነጥቧን ያዙ

አሰላሙ ዐለይኩም ልጆቼ፣

ቅዳሜና እሁድ መድረሳ የምታስተምሩም ሆናችሁ እቤት የራሳችሁን ልጆች የዐረብኛውን ፊደል፣ አሊፍ ባን የምታስቆጥሩ፣ ካርቶንና መቀስ ይዛችሁ ስትገቡ ሳይ ደስ ይለኛል። ዕድሜዬን የጨረስኩት ከ4 እስከ 7 ዓመት ካሉ ልጆች ጋር ነውና አንድ ነገር ልንገራችሁ። ከስልካችሁ የምታወርዱት የእጅ ሥራ አብዛኛው ፊደል አያስተምርም። ግመል በዐረብኛ ጀመል ስለሆነች ጂም የሚባለውን ፊደል ለማስተማር ግመል ታስቀልማላችሁ። ልጁ ሰዓቱን ሙሉ ሻኛዋን ቡናማ ሲቀባ ይቆይና እናቱ “ዛሬ ምን ተማርክ?” ስትለው “ግመል” ይላል። ምን ያድርግ፣ እውነቱን ነው።

ሥራውን ልጁ በሚሳሳትበት ቦታ ላይ አድርጉት። ከ28ቱ ፊደላት 15ቱ ነጥብ አላቸው፤ ትንንሾቹ በብዛት የሚደናገሩትም እዚሁ ነጥብ ላይ ነው። ባ፣ ታና ሣ አካላቸው አንድ ነው። ቃል መጀመሪያ ላይ ሲመጡ ደግሞ ኑንና ያ ይቀላቀሏቸዋል፤ አምስቱም እንደ ጥርስ ብቅ ያለች አንዲት ቅርጽ ብቻ ይሆናሉ።

ያቺን ጥርስ ከወፍራም ካርቶን ቁረጡና ለእያንዳንዱ ልጅ ከሦስት የሃይላንድ ክዳን ጋር ስጡት። አንድ ክዳን ከታች ሲያደርግ ባ፣ ሁለት ከታች ያ። አንድ ከላይ ኑን፣ ሁለት ከላይ ታ፣ ሦስት ከላይ ሣ። ሙጫ እንዳትሰጧቸው! አንዴ ከተለጠፈ ትምህርቱ አለቀ፤ የሚማሩት ክዳኑን ሲያነሱና ሲያስቀምጡ ነው። ሲለምዱ ዓይናቸውን አስጨፍኑና አንድ ክዳን ደብቁባቸው፣ ከዚያ “አሁን ማን ሆነ?” በሏቸው። በሽንብራና በምስር የምታሠሩ አላችሁ፤ እኔ አልወደውም። ምግብ መጫወቻ ሲሆን ቅር የሚላቸው ወላጆች አሉ፣ ትንንሾቹም አፍንጫቸው ውስጥ ይከቱታል።

ነጥብና ምልክት ለልጅ ብቻ አይደለም ያስቸገረው። በጥንቶቹ ሙስሐፎች (የቁርአን ጽሑፎች) ላይ ዛሬ የለመድናቸው ነጥቦች እምብዛም አይገኙም። በ7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የባስራው አቡል አስወድ አድ-ዱአሊ አናባቢውን ለመለየት ከጽሑፉ በተለየ ቀለም ነጥብ እንዳስደረጉ ይነገራል፦ ለፈትሓ (“አ” ለሚለው ድምፅ) ከላይ፣ ለከስራ (ለ“ኢ”) ከታች፣ ለዶማ (ለ“ኡ”) ከጎን። የዛሬዎቹን ትንንሽ ምልክቶች ያወጡት በ8ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖሩት ኸሊል ኢብን አሕመድ ናቸው ይባላል። እኔም ሐረካ፣ ማለትም የአናባቢ ምልክቶቹን፣ ማስተማር ስጀምር የቀለሙን ነገር ከእነሱ ወስጃለሁ። የፊደሉ ነጥብ ሰማያዊ ክዳን፣ ሐረካው ቀይ የክር ቁራጭ ይሆናል፤ እንዲህ ሲለይላቸው ሁለቱን አያምታቱም።

ቀጥሎ የሚያስቸግረው ፊደላቱ ቃል ውስጥ እርስ በርስ መያያዛቸው ነው። ሀሁ የቆጠረ ልጅ ፊደል ለየብቻው ቆሞ ነው የሚያውቀው። እዚህ ላይ በየካርዱ አንዳንድ ፊደል ጻፉና ልጆቹ ላይ አንጠልጥሉት፤ ከቀኝ ወደ ግራ ተሰልፈው እጅ ለእጅ ይያያዙ። አሊፍ፣ ዳል፣ ዛል፣ ራ፣ ዛይና ዋው የሆኑት ስድስቱ ግራ እጃቸውን ኪሳቸው ይክተቱ። በቀኝ ያለውን ይይዛሉ፣ በግራ ላለው ግን አይሰጡም። ታዲያ ካርዱ ጀርባቸው ላይ ይሁን፣ ፊታቸውንም ወደ ሰሌዳው ያዙሩ፤ ወደ እናንተ ከዞሩ ቀኝና ግራው ይገለበጥባችኋል። ዋው የሆነችው ልጅ ለጓደኛዋ እጄን አልሰጥም ስትል የሚነሳው ጭቅጭቅ ከእናንተ ማብራሪያ ይበልጣል፣ ቶሎ አታስታርቁ።

አቅጣጫውንም አትርሱ። ልጁ በአዘቦት ቀን ትምህርት ቤት ከግራ ሲጽፍ ሰንብቶ ነው እናንተ ዘንድ ከቀኝ ጀምር የሚባለው። የገጹ ቀኝ ጠርዝ ላይ አረንጓዴ ወረቀት ለጥፉለት። በፊደል ቅርጽ ላይ ክር ስታስለጥፉ ክሩ ብዕር በሚሄድበት መንገድ ይሂድ። ከመሃል ተጀምሮ ያማረ ሥራ ግድግዳ ላይ ይሰቀል ይሆናል እንጂ እጁን አላስተማረውም።

ድምፅ በካርቶን አይመጣም። ሐ እና ዐ በግዕዙ ፊደላችን ውስጥ ቢኖሩም አማርኛ ተናጋሪ አፍ ከሀ እና ከአ ጋር ቀላቅሏቸዋል፤ ስለዚህ ልጁ ሓንና ሃን፣ ዐይንንና አሊፍን በአንድ ድምፅ ይላቸዋል። ቁጭ ብላችሁ አፋችሁን እያሳያችሁ አስደግሙት፣ ሌላ መላ የለውም።

የአላህ ስም ወይም አያ (የቁርአን አንቀጽ) ያለበት ቁርጥራጭ ግን ለትንንሾች አታሠሩ። ወለል ላይ ይወድቃል፣ ከቆሻሻ ጋር ይጠረጋል። ነጠላ ፊደል ይበቃቸዋል።

“ቁርአን ቤት መጫወቻ ሆነ” ብለው የሚያኮርፉ ሼኾችና ሽማግሌዎችም ይገጥሟችኋል። አትከራከሯቸው። ብዙዎቹ ራሳቸው በሎህ፣ በእንጨት የመጻፊያ ሰሌዳ ላይ የተማሩ ናቸው፤ የድስት ጥላሸት ፍቀው ቀለም የበጠበጡ፣ ሸምበቆ ቀርጸው ብዕር ያወጡ፣ ቀርተው (አንብበው) የጨረሱትን ከሎሁ አጥበው ሌላ የጻፉበት። አንዱን ሼኽ ለምኑና ቀለሙ እንዴት እንደሚበጠበጥ፣ ብዕሩ ጫፉ ላይ እንዴት ሰያፍ እንደሚቆረጥ ለልጆቹ ያሳዩ። ጥላሸቱን ልጆቹ ይፈቅፍቁት፣ ቢላዋውን ግን እሳቸው ይያዙት።